አንድ የኢንተርኔት መስመር ለመላው ቢሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ5 እስከ 30 ሠራተኛ ላለውና አንድ የፋይበር መስመር ላስገባ ቢሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

አንድ መስመር እንዴት ለሁሉም ኮምፒውተር ይደርሳል?

አቅራቢው ለቢሮው የሚሰጠው አንድ የውጭ አድራሻ ብቻ ነው። ውስጥ ያሉት 15 ኮምፒውተሮችና 20 ስልኮች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አድራሻ ይፈልጋሉ። ይህን የሚያስታርቀው ራውተሩ ነው። ሥራው የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከሚሠራው ጋር አንድ ነው፦ ከየክፍሉ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት ግን የወጪ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል። መልሱ «በቁጥር ይህን ያህል ለጻፋችሁልን ደብዳቤ» ብሎ ሲመጣ መዝገቡ ይገለጥና ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። ራውተሩም ለሚወጣው ጥያቄ ሁሉ ፖርት የሚባል የወጪ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግባል። ባለሙያዎች ይህን አሠራር «ናት» ይሉታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ የወጪ ቁጥር ያልጠቀሰ ደብዳቤ ከውጭ ቢመጣ ባለቤቱ ስለማይታወቅ ይጣላል፤ ከቤት ሆኖ የቢሮ ካሜራ ማየት ዝም ብሎ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ መዝገቡ ገጹ የተወሰነ ነው። አነስተኛ ራውተር ሰው ሲበዛበት መስመሩ ሳይሞላ መዝገቡ ይሞላበታል፤ የተከፈተው ይሠራል፣ አዲስ ገጽ ግን አልከፈት ይላል። አጥፍቶ ማብራት ለጥቂት ሰዓት የሚያድነውም መዝገቡ ባዶ ስለሚሆን ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ «ራውተሩን አንዴ ንቀሉት» የሚባልበት ቢሮ ካለ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ እዚህ ላይ ይሁን።

አቅራቢው የገጠመልን ሳጥን ብቻውን አይበቃም?

ለአንድ ክፍልና ለ6 ወይም 7 ሰው ይበቃል። ኦኤንቲ የሚባለው ይህ ሳጥን ዋና ሥራው በፋይበሩ የሚመጣውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት መለወጥ ነው፤ የራውተር፣ የዋይፋይና ገመዶችን እርስ በርስ የሚያገናኘው የባለአራት ቀዳዳ ስዊች ሥራ ደርቦ የሚሠራው ለቤት ታስቦ ነው። ሰው ከ10 ሲያልፍ ሦስቱን ሥራዎች ከላዩ ማውረድ ይሻላል። ገመድ ሲሰኩበትም ያስተውሉ፦ በአንዳንድ ሞዴሎች ከአራቱ ቀዳዳዎች አንዱ ብቻ ነው 1 ጊጋቢት የሚያሳልፈው፤ የቀሩት በ100 ሜጋቢት የተገደቡ ናቸው።

ለ12 ጠረጴዛ ምን ምን ዕቃ እንግዛ?

አንድ የቢሮ ራውተር፣ ባለ24 ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች፣ አንድ ወይም ሁለት አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ)፣ አንድ ካርቶን ካት 6 ኬብል፣ ለየጠረጴዛው የግድግዳ ሶኬት፣ አንድ ዩፒኤስ። ባለ16 ቀዳዳ ስዊች ለ12 ጠረጴዛ የሚበቃ ይመስላል፤ ፕሪንተሩ፣ የጣት አሻራ ማሽኑ፣ የካሜራው መቅረጫና አክሰስ ፖይንቶቹ ሲጨመሩ ግን በመጀመሪያው ወር ይሞላል። አንድ ካርቶን ኬብል 305 ሜትር ነው። ለአንድ ጠረጴዛ በአማካይ 20 ሜትር ቢያዝ 240 ሜትር ይሆናል፤ የቀረው ለስህተትና ለአክሰስ ፖይንት ይተርፋል።

ገንዘብ ከተወሰነ ከስዊቹ ብራንድ ቀንሰው ኬብሉ ላይ ያውሉት። ስዊች በ10 ደቂቃ ይቀየራል፤ ኮርኒስ ውስጥ የገባ መጥፎ ኬብል ግን ኮርኒሱን ካላስፈረሰ አይወጣም።

ስንት ሜጋ ይበቃናል?

የሚያዋጣ ግምት ይህ ነው፦ ለአንድ ሠራተኛ 2 ሜጋቢት፣ በአንድ ጊዜ ለሚካሄድ ለእያንዳንዱ የቪዲዮ ስብሰባ ተጨማሪ 4 ሜጋቢት። 15 ሰው ያለበትና ሦስት ስብሰባ አብሮ የሚገጥመው ቢሮ 42 ሜጋቢት ይፈልጋል፤ እንግዲህ 50 ሜጋቢት ይግዛ ማለት ነው። የቪዲዮ ስብሰባ መላኩም እንደ መቀበሉ ስለሆነ፣ ውል ሲፈርሙ የአፕሎዱን ልክ ለብቻው ይጠይቁ።

«50 ሜጋ ገዝተን 6 ብቻ ነው የሚያወርደው» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የመለኪያ ጉዳይ ነው። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲያወርድ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው፤ 8 ቢት ደግሞ 1 ባይት ነው። 50 ለ8 ሲካፈል 6.25 ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የ1 ጊጋባይት ፋይል 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚህ ብዙም ካልራቀ መስመሩ ጤነኛ ነው።

ገመድ ይሻላል ወይስ ዋይፋይ?

የማይንቀሳቀስ ሁሉ ገመድ፣ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ዋይፋይ። ዴስክቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ሰርቨርና ካሜራ በገመድ ይሁኑ። ዋይፋይ አየሩን ለሁሉም በተራ የሚያካፍል ስለሆነ፣ ከዋይፋይ ወደ ገመድ የሚዛወር ዴስክቶፕ በጨመረ ቁጥር በዋይፋይ ላይ ያሉት ላፕቶፖችና ስልኮች ይፈጥናሉ።

አክሰስ ፖይንቱ ሰዎቹ ባሉበት ክፍል፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ኦኤንቲው በር አጠገብ ስለገባ ብቻ ዋይፋዩም በር አጠገብ ይሁን ማለት አይደለም። 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፣ የብሎኬት ግድግዳ ግን ያዳክመዋል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ የሚጨናነቅበት መንገድ ነው። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ሁለት አክሰስ ፖይንት ካለ አንዱን 1 ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ ያድርጉ። ስማቸውና ፓስዎርዳቸው አንድ ይሁን፤ ስልክ ከክፍል ክፍል ሲሄድ ራሱ ይሸጋገራል።

ኬብሉን ራሳችን ብንዘረጋ የቀለሙ ቅደም ተከተል እንዴት ነው?

የኮኔክተሩን መቆለፊያ ወደ ታች፣ የመዳቦቹን ጥርሶች ወደ ላይ፣ የገመዱን መግቢያ ወደ እርስዎ አድርገው ሲይዙት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አረንጓዴዎቹን ጎን ለጎን በማድረግ ነው፤ ሁለቱ አረንጓዴዎች መካከል ሰማያዊዎቹ መግባት አለባቸው። ጥንዶቹ እርስ በርስ የተጠመዘዙት የውጭ ጣልቃ ገብ ምልክትን ለመከላከል ስለሆነ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳያልፉ ይፍቷቸው። ክሮቹን በመቀስ እኩል ይቁረጡ፤ ሲያስገቡ ስምንቱም ጫፎች ከኮኔክተሩ ፊት ለፊት ሲያብለጨልጩ መታየት አለባቸው። የውጭው ሽፋንም ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይጨመቅ፤ አለበለዚያ ገመዱ አንዴ በተጎተተ ቁጥር ጭነቱ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ይወድቃል።

100 ሜጋቢት የሚጠቀመው በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ክሮች ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ክር ቢላቀቅ ገመዱ «ይሠራል»፣ ግን ፍጥነቱ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ስዊቹ ላይ አንዱ መብራት ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ካለው ያንን ገመድ ይፈትሹ።

ሲገዙ ከጫፉ አንድ ክር ልጠው በምላጭ ይፋቁት። ውስጡ ድረስ ቀይ ከሆነ ንጹሕ መዳብ ነው፤ ከላይ ቀይ፣ ከሥር ብርማ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ በረጅም ርቀት ይደክማል፤ በዚያው ገመድ ካሜራና አክሰስ ፖይንት መብራት ሲመገቡበት ደግሞ ይሞቃል። ሻጩ ቢቀየምም ሳይፋቁ አይክፈሉ። የኔትወርክ ኬብሉን ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አያስገቡ፤ መሻገር ግዴታ ከሆነ በመስቀል ይሻገሩ።

አይፒ አድራሻውን እንዴት እንደልድለው?

ለውስጥ አገልግሎት የተፈቀዱት ክልሎች ሦስት ናቸው፦ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት። ለአንድ ቢሮ ከመጨረሻው ክልል ያልተለመደ ቁጥር ይምረጡ፤ 192.168.20 ጥሩ ነው። 192.168.1 እና 192.168.100 የብዙ ኦኤንቲዎች ቁጥር ስለሆኑ ከራስዎ ሳጥን ጋር ይጋጫሉ፤ ነገ ሠራተኛ ከቤቱ ወደ ቢሮ በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ የተቆለፈ መንገድ) ሲገባም የቤቱና የቢሮው ቁጥር አንድ ሆኖ መንገዱ ይጠፋበታል።

ድልድሉ እንዲህ ይሁን፦ ራውተሩ 192.168.20.1፤ ከ2 እስከ 49 ለፕሪንተር፣ ለሰርቨር፣ ለካሜራና ለአክሰስ ፖይንት፤ ከ50 እስከ 229 ራውተሩ በዲኤችሲፒ በራሱ የሚያድላቸው። ፕሪንተሩ ላይ ሄዶ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ ራውተሩ ውስጥ «ለዚህ መሣሪያ ሁልጊዜ ይህን ቁጥር ስጥ» ብሎ ማስያዝ ይሻላል፤ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ያንን ዝርዝር አትመው ራውተሩ ካለበት ካቢኔ በር ላይ ይለጥፉት።

«ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» ሲል ከየት እንጀምር?

ከኮምፒውተሩ ተነሥተው ወደ ውጭ ይሂዱ። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን አይፒ ይመልከቱ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው፦ ገመዱ፣ ስዊቹ ወይም የራውተሩ ዲኤችሲፒ ነው ችግሩ፤ አቅራቢው ጋ መደወል አያስፈልግም። አድራሻው ትክክል ከሆነ ራውተሩን 192.168.20.1 ፒንግ ያድርጉ (ማለትም በኮምፒውተሩ ትእዛዝ «አለህ?» ብለው ይጠይቁት)። ከመለሰ ውጭ ያለውን የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8ን ፒንግ ያድርጉ። እርሱም ከመለሰ መስመሩ ሕያው ነው፤ ገጽ የማይከፈተው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ስለደከመ ነው። በራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 ማድረግ ይፈታዋል።

ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ካልመለሰ ኦኤንቲውን ይዩ። «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ የፋይበሩ ብርሃን አልደረሰም፤ ገመዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ተጣጥፏል። ፋይበር እንደ መብራት ገመድ በጥብቅ ተጠቅልሎ ምስማር ላይ ሲንጠለጠል ብርሃኑ ከመታጠፊያው ላይ ያመልጣል፤ ጽዳት ሠራተኛ ጠረጴዛ ስታንቀሳቅስ ግድግዳና ጠረጴዛ መካከል ተጣብቆ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። እርሱን ካዩ በኋላ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ይደውሉ፤ «ሎሱ ቀይ ነው» ብሎ መናገር «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ጥያቄና መልሱን ያሳጥራል።

ሁለተኛ ራውተር ጨመርን፤ ከዚያ ወዲህ ግማሹ ሰው ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ለምን?

በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት አድራሻ አዳይ ስላለ ነው። ለአንድ ክፍል ዋይፋይ እንዲደርስ ታስቦ የተገዛው ትንሽ ራውተር በፋብሪካ ልማዱ ዲኤችሲፒው ክፍት ነው። ገመዱ ከ«ላን» (ከውስጥ ኔትወርክ) ቀዳዳው ከገባ ለመላው ቢሮ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ኮምፒውተር ሲነሣ ቀድሞ የመለሰለትን ስለሚቀበል፣ አንዱ ከትክክለኛው፣ አንዱ ከአዲሱ ይወስዳል። ከአዲሱ የወሰደው የመውጫ በሩን አያገኝም። ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ነገር ሁሉም ሰው በየተራ የሚነካው መሆኑ ነው፤ ዛሬ የሒሳብ ክፍል፣ ነገ የሰው ኃይል። ለማረጋገጥ የማይሠራውን ኮምፒውተር አይፒ ይመልከቱ፦ በ192.168.20 መጀመር ሲገባው በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 ከጀመረ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

መፍትሔው ራውተሩን ወደ አክሰስ ፖይንት መለወጥ ነው። ቅንብሩ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» ካለ እርሱን ይምረጡ። ከሌለ፣ ከኔትወርኩ ነጥለው ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ብቻ ያገናኙትና በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ አድራሻውን 192.168.20.3 ያድርጉ፣ ዲኤችሲፒውን ያጥፉ፣ የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ይሙሉ፣ ከዚያ ከስዊቹ የመጣውን ገመድ ከ«ላን» ቀዳዳዎቹ በአንዱ ይሰኩ፤ «ዋን» የሚለውን፣ ለውጭ መስመር የተሠራውን ቀዳዳ ባዶ ይተዉት።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም ፕሪንተርም አብረው መቆም አለባቸው?

አይገባም። በውስጥ ኔትወርክ ላይ ያለ የሒሳብ ፋይል፣ የጋራ ፎልደርና ፕሪንተር የሚገናኙት በስዊቹ በኩል ነው፤ የውጭው መስመር ተበጠሰ አልተበጠሰ አይመለከታቸውም። አብረው ከቆሙ ከሦስቱ አንዱ ሆኗል፦ ሠራተኛው መስመሩን ለመመለስ ስዊቹን ጭምር ነቅሏል፤ ወይም ግማሾቹ ኮምፒውተሮች በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ናቸው፤ ወይም ዊንዶውስ ኔትወርኩን «የሕዝብ» ብሎ መዝግቦ ፎልደሩን ደብቆታል። የመጨረሻውን ወደ «የግል» መለወጥ ይፈታዋል። ፒችትሪን የመሰለ ፋይሉን ከሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚከፍት ፕሮግራም በዋይፋይ አይሠራ፤ በመጻፍ መካከል ግንኙነቱ ለሁለት ሰከንድ ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

አንድ ሰው ሲያወርድ ሁላችንም እንንቀራፈፋለን። መፍትሔ አለው?

አለው፤ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ሜጋ መግዛት አይደለም። መስመሩ ሲሞላ ፓኬቶቹ (መረጃው ተቆራርጦ የሚጓዝባቸው ጥቅሎች) ወረፋ ይይዛሉ። ወረፋው የሚሠራው ራውተሩ ውስጥ ሳይሆን ኦኤንቲው ወይም አቅራቢው ጋ ስለሆነ እርስዎ የሚያስቀድሙት የለም፤ የ4 ጊጋባይት ቪዲዮና የአንድ ኢሜይል ጥያቄ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። የሚረሳው ደግሞ አፕሎዱ ነው። ኮምፒውተር ለሚያወርደው ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ይልካል፤ አፕሎዱ ከተያዘ ያ መልስ ይዘገይና ማውረዱም ይቆማል። አንድ ሰው 300 ፎቶ ወደ ድራይቭ ሲሰቅል ቢሮው ሁሉ «ኢንተርኔት ሞተ» የሚለው ለዚህ ነው።

ራውተሩ ላይ የፍጥነት ጣሪያውን ከመስመሩ 90 በመቶ ላይ ያድርጉ፤ ለ50 ሜጋቢት 45። አፕሎዱንም እንዲሁ። ያኔ ወረፋው ወደ ራውተሩ ይመጣል፤ ራውተሩም ለሁሉም እኩል ያካፍላል። ሚክሮቲክ በሚባለው የራውተር ዓይነት ላይ ይህ ፒሲኪው በሚባለው ይሠራል፤ ሰባተኛው የሶፍትዌር ትውልድ ላይ ያለው ኬክ የሚባለው ደግሞ ብዙ ሳያስጨንቅ ያስተካክለዋል። 10 በመቶ ማጣት ይቆረቁራል፤ ነገር ግን ውጤቱን በፒንግ ይመልከቱት፦ አንድ ሰው እያወረደ ፒንጉ ከ400 ወደ 30 ሚሊሰከንድ ከወረደ ስብሰባው ድምፁ አይቆራረጥም።

ከዚያ በፊት ግን ማን እንደሚበላው ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ የኮምፒውተር ቴሌግራም በየግሩፑ የሚለጠፈውን ቪዲዮ ሁሉ ራሱ ያወርዳል፣ ከቅንብሩ ያጥፉት። ዊንዶውስ ለ15 ኮምፒውተር አንዱን ማሻሻያ 15 ጊዜ ያወርዳል፤ «ከአካባቢ ኔትወርክ ካሉ ኮምፒውተሮች ተቀበል» የሚለውን ቢያበሩ አንዱ አውርዶ ለሌሎቹ ያካፍላል። ሦስተኛው ካሜራ መቅረጫው ነው፤ ምስሉን ቀኑን ሙሉ ወደ ውጭ እየላከ አፕሎዱን ሲበላ ማንም አይጠረጥረውም።

የዋይፋይ ፓስዎርዱ ሁሉም ጋ ተሰራጭቷል። አንዳንዱን ስልክ ብናግድ ይሠራል?

ብዙ አይሠራም። ስልክ የሚታገደው በማክ አድራሻው (በመሣሪያው መለያ ቁጥር) ነው፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች ግን ለዋይፋይ የፈጠራ ማክ ያሳያሉ፤ ባለቤቱ ኔትወርኩን አስረስቶ በትንሽ ቅንብር በሌላ ቁጥር ይመለሳል። የሚያዋጣው ዋይፋዩን ለሁለት መክፈል ነው። የሥራው ዋይፋይ በቢሮው ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ይኑር፤ ፓስዎርዱን የሚሞላው አንድ ሰው ይሁን። ለስልክና ለእንግዳ «እንግዳ» የሚባለውን ይክፈቱ፣ በድምሩ 10 ሜጋቢት ይገደብ፣ የውስጡን ኮምፒውተሮች እንዳያይ ይደረግ። መከላከያው ዋፓ 2 ወይም ዋፓ 3 ይሁን፤ በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ ያጥፉ። የራውተሩ የራሱ መግቢያ ፓስዎርድ ከፋብሪካው እንደመጣ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ምን ያህል ይቆያል?

ኦኤንቲው 10፣ ራውተሩ 12፣ ስዊቹ 15 ዋት ያህል ይወስዳሉ፤ በድምሩ ወደ 40 ዋት። የተለመደው ባለ650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ በመለወጥ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 50 ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ያገኛሉ፤ ባትሪው ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ካልተቀየረ ግን 10 ደቂቃም ላይሞላ ይችላል። ሌዘር ፕሪንተር በዚያ ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ፤ ሲሞቅ ብዙ መቶ ዋት ስለሚስብ ሁሉንም ያጠፋዋል። ብዙ ቃጠሎ የሚደርሰው መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ዩፒኤስ ባይኖር እንኳ ስታቢላይዘር ይኑር።

ግቢው ውስጥ ባለው ሌላ ሕንጻ ያለውን ክፍል እንዴት እናገናኝ?

የመዳብ ኬብል ከስዊች እስከ ኮምፒውተር 100 ሜትር ነው ወሰኑ። ርቀቱ 40 ሜትር ቢሆን እንኳ ሁለት ሕንጻዎችን በመዳብ አያያይዙ። ክረምት ላይ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ ሕንጻዎች መሬት መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት በኬብሉ አልፎ ስዊቹን ያቃጥላል። በመሃል ፋይበር ይዘርጉ፤ በሁለቱም ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር (ብርሃንንና የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚለዋውጥ ሳጥን) ያድርጉ። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከመንገድ ማዶ ላለ ሕንጻ ደግሞ እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት የዋይፋይ አንቴናዎች ይሻላሉ።

ቅርንጫፉ የራስዎ ከሆነ ይህ ይበቃል። ለጎረቤት ድርጅት በክፍያ ማካፈል ግን ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን፣ የቴሌኮም አገልግሎትን መልሶ መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ጎረቤት በመስመሩ የሠራው ሁሉ የሚመዘገበው በእርስዎ አድራሻ ነው።

ሁለት መስመር ቢኖረን፣ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ይተካል?

ይተካል፤ ራውተሩ ሁለት የ«ዋን» መግቢያ ካለው። ፋይበሩን ዋና፣ የሲም ራውተሩን ተጠባባቂ ያድርጉ። የሚረሳው ነገር ፍተሻው ነው። ፋይበሩ መንገድ ላይ ሲቆረጥ ራውተሩና ኦኤንቲው መካከል ያለው ገመድ ደህና ስለሆነ ራውተሩ መስመሩ አለ ብሎ ያምናል። ስለዚህ በየ10 ሰከንዱ 8.8.8.8ን በፋይበሩ በኩል እንዲጠይቅ፣ ሦስቴ ካልተመለሰለት እንዲሻገር ያዙት። ሁለቱን እኩል አብሮ ማሠራት ግን አይመከርም፤ የባንክ ገጽ አንዱ ጥያቄ ከአንድ አድራሻ፣ ሌላው ከሌላ ሲመጣለት «እንደገና ግቡ» እያለ ያሰናብታል።

ድንገት ሁሉም ቆመ፤ የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አብረው በፍጥነት ይንተገተጋሉ። ምንድን ነው?

ሉፕ ነው፦ አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፍ እዚያው ኔትወርክ ላይ ተሰክቷል። ታሪኩ ሁልጊዜ ይመሳሰላል። ጠረጴዛ ይዛወራል፣ አንድ ገመድ መሬት ላይ ወድቆ ይታያል፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው አንሥቶ ባዶ የሆነው የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ይከተዋል፤ የዚያ ገመድ ሌላው ጫፍ ጎን ባለው ሶኬት ላይ ነው። ለሁሉም የሚላክ አንድ መልእክት በዚያ ቀለበት እየዞረ ይባዛል፤ በሰከንዶች ውስጥ ስዊቹ ሌላ የሚሠራበት አቅም አይተርፈውም። ሁለት ቀዳዳ ያለው የጠረጴዛ ስልክም ሁለቱ ከግድግዳ ሲገናኙ ይህንኑ ያደርጋል።

ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት አይረዳም። ስዊቹ ፊት ቆመው ገመዶቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ሦስት ሰከንድ መብራቶቹን ይዩ። ሲሰክኑ በእጅዎ ያለው ገመድ ነው፤ ቁጥሩን ተከትለው ወደ ሶኬቱ ይሂዱ። ሶኬቶቹና ገመዶቹ ቁጥር ካልተለጠፈባቸው ይህ የ5 ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሉፕን ራሱ የሚያግድ ስዊች ትንሽ ይወደዳል፤ ከ20 ሰው በላይ ላለበት ቢሮ ግን ያዋጣል።

አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ግማሹ መጥቶ ይቆማል። ፍጥነቱ ግን ደህና ነው።

አቅራቢው በፒፒፒኦኢ (ራውተሩ በስምና በፓስዎርድ በሚገባበት ዘዴ) የሚያገናኝ ከሆነ የፓኬቱ ልክ ነው የሚጠረጠረው። የተለመደው ፓኬት 1500 ባይት ነው፤ ፒፒፒኦኢ ለራሱ 8 ስለሚወስድ 1492 ይቀራል። ራውተሩ 1500 ብሎ ከያዘ ትልልቆቹ ፓኬቶች መንገድ ላይ ይወድቃሉ፤ ትንንሾቹ ስለሚያልፉ ፒንግ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። በራውተሩ ላይ የፓኬቱን ትልቁን ልክ የሚወስነውን ኤምቲዩ 1492 ያድርጉ።

ከቤት ሆኜ የቢሮውን ሰርቨር መክፈት እፈልጋለሁ። ፖርት ከፈትኩ፣ ግን አይሠራም።

ራውተሩ በ«ዋን» በኩል የተሰጠውን አድራሻ ይመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አቅራቢው ራሱ አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፤ መዝገብ ቤቱ የእርስዎ ስላልሆነ እዚህ የከፈቱት ፖርት ከውጭ አይታይም። በ192.168 ከጀመረ ደግሞ ኦኤንቲው ራሱ እንደ ራውተር እየሠራ ነው፤ አቅራቢው ወደ ብሪጅ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ወደሚያስተላልፍበት አሠራር) እንዲለውጠው ይጠይቁ። ለመጀመሪያው ያለው አማራጭ ቋሚ የውጭ አድራሻ በክፍያ መጠየቅ ነው።

አድራሻው ከተገኘ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያሠራውን የሪሞት ዴስክቶፕ 3389 ፖርት በቀጥታ አይክፈቱ። እንዲህ ያለውን ክፍት በር ቀን ከሌሊት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሒሳብ ፋይልን ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚገቡት በዚህ ነው። ራውተሩ ላይ ዋየርጋርድ ቪፒኤን ይትከሉ፤ ከውጭ የሚከፈተው የእርሱ ፖርት ብቻ ይሁን፣ ለየሠራተኛው የተለየ ቁልፍ ይሰጠው፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ቁልፉ በዚያው ቀን ይሰረዝ።